የማያቃጥል ብርሃን

ሕማምን ለማስታገሥ በሥጋ ላይ ስለሚበራው ዝቅተኛ ኃይል ሌዘር፤ ከየት እንደ ተነሣ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ እስከ የት እንደሚታመን

በሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ከተማ ወሰን አለፍ ብላ በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእንጀራና የቡና ሽታ ከየበሩ በሚወጣበት መንገድ አጠገብ ያለ የፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ ስለ ሌዘር ሕክምና በወሬ ብቻ የሰማ ሰው በልቡናው ከሚሥለው ጋር ከቶ አይመሳሰልም። የሚያብረቀርቅ ታላቅ መሣሪያ የለበትም፤ ቀይ ጨረርም ጨለማውን ሰንጥቆ ሲያልፍ አይታይበትም። ያለው ነጭ አንሶላ የለበሰ አልጋ፣ ጡንቻ ማፍታቻ የላስቲክ ገመድ፣ ትልቅ የጎማ ኳስ፣ በጠረጴዛም ላይ ከአንድ መዝገብ የማይበልጥ ሳጥንና ከሳጥኑ በሽቦ የወጣ አጭር ዘንግ ነው። በአልጋው ላይ ጉልበታቸውን ገልጠው የተቀመጡት፣ ሴት ልጃቸው ስትወልድ ሊያርሷት ከአዲስ አበባ መጥተው፣ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የቆየ ቁርጥማታቸው የተነሣባቸው እናት ናቸው። ባለሙያዋም በዚያው አገር ተምራ ያደገች፣ አማርኛዋን ግን ያልጣለች ሐበሻ ናት።

«ልጄ፣ ይህ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሰጡት ጨረር ነው እንዴ? ጠጉሬን አያረግፍብኝም?» ይላሉ እናት።

«አይደለም እማማ፤ ይህ ብርሃን ነው። ጠጉርዎን አይነካም፤ እርስዎ ብቻ መነጽሩን እንዳያወልቁብኝ።»

ከዚህ በኋላ ባለሙያዋ የራሷንም መነጽር አድርጋ፣ በአውራ ጣቷ የጉልበቱን መጋጠሚያ ከግራ ወደ ቀኝ ዳስሳ፣ እናቲቱ «እዚያ ጋ!» ብለው ፊታቸውን ያጨፈገጉበትን ሥፍራ ካገኘች በኋላ፣ የዘንጉን ጫፍ በቆዳው ላይ ጠበቅ አድርጋ ትተክላለች። ሳጥኑ በቀጭን ድምፅ ይጮኻል፤ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ትቆያለች፤ ሁለተኛ ሲጮህ ዘንጉን ጣት ያህል አራምዳ እንደ ገና ትተክላለች። የሚታይ ነገር የለም፤ ብርሃኑ ከዓይን ኃይል በታች ያለ፣ ታሕተ ቀይ የሚባለው ነውና። የሚሰማም ነገር እምብዛም የለም። የጉልበቱ ዙሪያ ተዳርሶ ባለሙያዋ መነጽሯን ስታወልቅ፣ እናቲቱ ገና በትዕግሥት ተቀምጠው «መቼ ነው የሚጀመረው?» ብለው ጠየቁ።

ጨረር ሲባል

የእናቲቱ የመጀመሪያ ጥያቄ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ብዙ የአገራችን ቤተሰብ ጨረርን ያወቀው ነቀርሳ የያዘው ዘመዱን ደግፎ በሆስፒታል በር ተራ ሲጠብቅ ስለሆነ፣ ከዚያ ቤት የወጣ ስም ሁሉ ድንጋጤን ያስከትላል። ሌዘርንም ቢሆን ከተሜው በግማሽ ያውቀዋል፤ ዓይን ሲታከሙበት፣ የማይፈለግ ጠጉር ሲያጠፉበት፣ ተማሪም በግድግዳ ላይ ቀይ ነጥብ ሲያስሮጥበት አይቷል። ስለዚህ ያው ነገር በታመመ ጉልበት ላይ ሊበራ ነው ሲባል፣ አንዱ ሥጋን የሚቆርጥ ስለት ይመስለዋል፤ ሌላውም ደምን የሚመርዝ እሳት።

እውነቱ ግን እንዲህ ነው። ለነቀርሳ የሚሰጠው ጨረር እያንዳንዱ ቅንጣት እጅግ ጽኑዕ ኃይል ስላለው፣ በሕዋስ ውስጥ ተጽፎ የሚኖረውን የዘር ሰሌዳ ሰብሮ ሕዋሱ እንዳይባዛ ያደርጋል፤ የሚፈለግበትም ሥራ ይኸው ነው። ከ600 እስከ 1,000 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ውስጥ የሚገኘው ቀይና ታሕተ ቀይ ብርሃን ግን ይህን ሰሌዳ የሚሰብርበት ኃይል በቅንጣቱ ውስጥ የለውም፤ ቢበዛ ያሞቃል። ቀዶ ሐኪም የሚቆርጥበት ሌዘር ኃይሉ በብዙ ዋት ሲቆጠር፣ ዝቅተኛ ኃይል የሚባለው የሌዘር ሕክምና በሚሊዋት የሚለካ፣ የተለመደው ወሰኑም ከ500 ሚሊዋት የማያልፍ ነው። አይቆርጥም፣ አይወጋም፣ ደም አያፈስም፤ መርፌና መድኃኒትም አይከተለውም።

አንድ አካል ግን ከዚህ ምሕረት ውጭ ነው፤ እርሱም ዓይን ነው። ታሕተ ቀይ ብርሃን ስለማይታይ ዓይን ሲመጣበት አይጨፈንም፤ የዓይን ሌንስም ብርሃኑን ሰብስቦ በውስጠኛው ሽፋን ላይ በአንዲት ነጥብ ስለሚያሳርፈው፣ ሰው ምንም ሕማም ሳይሰማው ሽፋኑ ሊቃጠል ይችላል። ባለሙያዋ በመነጽሩ ነገር የቀለደች መስሏቸው ፈገግ ያሉት እናት ይህን ቢያውቁ ኖሮ ፈገግታቸው ባልመጣ ነበር።

የቡዳፔስት አይጦች

ብርሃንን ለፈውስ ማዋል አዲስ አሳብ አይደለም። በ1860 እ.ኤ.አ. በፋሮ ደሴቶች የተወለደው፣ ራሱም ከወጣትነቱ ጀምሮ በደዌ ሲማቅቅ የኖረው ኒልስ ፊንሰን፣ የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ የፊትን ቆዳ ሲወርስ የሚያመጣውን አስከፊ ቁስል ከካርቦን መብራት በተሰበሰበ ብርሃን ማዳን በመቻሉ በ1903 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የዴንማርክ ተወላጅ የሆነችው የእንግሊዝ ንግሥት አሌክሳንድራ ይህን መብራት ለለንደን ሆስፒታል እንደ ሰጠች፣ በዚያው ሆስፒታል ግቢ የቆመላት ሐውልት እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ነገር ግን የፊንሰን ብርሃን ከሰማያዊና ከዚያ ባሻገር ካለው ወገን ነበረ፤ ሥራውም ተሐዋሲን መግደል ነበረ። ሕማም የሚያስታግሠው ብርሃን ታሪኩ ሌላ ነው፤ የተጀመረውም በስሕተት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

አልበርት አይንስታይን በ1917 እ.ኤ.አ. ብርሃን ብርሃንን ቀስቅሶ ሊያበዛ እንደሚችል በስሌት ካሳየ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ቴዎዶር ማይማን የሚባል አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ በማሊቡ በሚገኝ የምርምር ቤት፣ ግንቦት 16 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.፣ በተጠማዘዘ የብልጭታ መብራት መካከል ያቆማት የሮዝ መልክ ያላት የሩቢ ዕንቍ የመጀመሪያዋን የሌዘር ብርሃን አወጣች። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ይህን አዲስ ኃይል ለየሙያቸው ለመሞከር ተጣደፉ። ከእነርሱም አንዱ በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት የሚያስተምረው ቀዶ ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር ነበረ።

ሜስተር በ1967 እ.ኤ.አ. ገደማ ስላደረገው ሙከራ የሚነገረው ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ፣ የሌዘር ብርሃን ነቀርሳ ያመጣ እንደሆነ ለማወቅ የአይጦችን ጀርባ ላጭቶ አበራባቸው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ፣ በቦስተን የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በሩቢ ሌዘር ዕጢ እንዳጠፋ ሰምቶ ያንኑ ለመድገም ቢነሣም የእርሱ መሣሪያ ኃይሉ አነስተኛ ስለ ነበረ ዕጢውን ሊያጠፋ አልቻለም ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት ፍጻሜ ግን አንድ ነው፤ ነቀርሳ አልመጣም፣ ቃጠሎም አልደረሰም፤ ብርሃኑ ያረፈባቸው አይጦች ግን የተላጨው ጠጉራቸው ካላረፈባቸው ይልቅ ፈጥኖ በቀለ። የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ጠጉራቸው እንዳይረግፍ የፈሩት ሕክምና በጠጉር ማብቀል መጀመሩን ብንነግራቸው ምን ይሉ ይሆን?

> ሜስተር ያገኘው ነገር፣ ኃይል ያነሰው ብርሃን ኃይል የሌለው ብርሃን አለመሆኑን ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሙከራው ከሸፈ ብሎ በተወው ነበር። ሜስተር ግን ያልፈለገውን ፍሬ ለቅሞ መመርመር ጀመረ፤ ከአይጥም አልፎ ለብዙ ጊዜ አልድን ያለ የእግር ቁስል ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞከረው። በዘመኑ ሃንጋሪ ከምሥራቁ ወገን ስለ ነበረች፣ ትምህርቱ በሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ አውሮፓ አስቀድሞ ሲሰፋ ምዕራባውያን ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ተመለከቱት። የፖለቲካ ወሰን ለሥጋ ሕማም ምን አገባው ያሰኛል።

በሕዋስ ጓዳ

አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝና፣ የማይታይ የማይሰማም ብርሃን በሥጋ ውስጥ ምን ይሠራል የሚለውን እንመርምር። በየሕዋሳችን ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ረቂቃን ክፍሎች አሉ፤ ሥራቸውም ከምግብና ከእስትንፋስ የመጣውን ወደ ኃይል መለወጥ ነው። በእነዚህ ውስጥ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የተባለ፣ በውስጡ መዳብና ብረት የያዘ ንጥረ ነገር አለ። በሩሲያ የሠራችው ተመራማሪ ቲና ካሩና እርሷን የተከተሉ ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፣ ቀዩንና ታሕተ ቀዩን ብርሃን ውጦ የሚያስቀረው በተለይ ይህ ንጥረ ነገር ነው። የተጎዳ ወይም የታፈነ ሕዋስ በሆነ ጊዜ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ በዚሁ ንጥረ ነገር ላይ ተጣብቆ ሥራውን ያግዳል፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት ይለቃል፤ ጋዙም ወደ ደም ሥሮች ወጥቶ ሥሮቹ እንዲሰፉ ያደርጋል፤ ታግዶ የነበረውም የኃይል ሥራ ይቀጥላል። ከዚህ የተነሣ እብጠቱ እየጎደለ፣ የጥገናው ሥራ እየፈጠነ ይሄዳል። ሐተታው በቤተ ሙከራ ብዙ ድጋፍ ቢያገኝም፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ብቻ ነው የሚለውን የማይቀበሉ ሊቃውንትም አሉ።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ወደ ነርቭ ነው። ብርሃኑ በርከት ባለ መጠን ሲሰጥ፣ የሕማምን ዜና ወደ አእምሮ የሚያደርሱት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ለጊዜው ይዘገያሉ። አንዳንድ ሕመምተኛ ከአልጋው ሲነሣ ወዲያው ቀለለኝ የሚለው፣ ሌላው ግን ለውጡን የሚያየው ከሳምንታት በኋላ የሆነው፣ ምናልባት ከእነዚህ ሁለት መንገዶች ልዩነት የተነሣ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ብርሃኑ እስከ የት ይገባል? የቆዳው ቀለምና የደሙ ቅላት ያጠፉታል፤ ከረዘመው ሞገድ ወገን ሲሆን ደግሞ ውሃው ይውጠዋል። በመካከላቸው ጠባብ መስኮት አለ፤ ቀዩ ጥቂት ሚሊሜትር ሲዘልቅ፣ ታሕተ ቀዩ ጥቂት ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ የሚወርደውም ከተላከው ጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቆዳ ሥር ያለ ጅማትና የጉልበት መጋጠሚያ ሊደረስባቸው ይቻላል፤ በወፍራም ሰው ወገብ ውስጥ ጠልቆ ያለ ዲስክ ግን ሌላ ነገር ነው። ሻጩ ይህን አይነግርዎትም።

ሁሉም በመጠን

በጀርመን ግራይፍስቫልድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሁጎ ሹልዝና ሩዶልፍ አርንት፣ ጥቂት መርዝ እርሾን ሲያነቃቃው ብዙ መርዝ ግን እንደሚገድለው በማየት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ አንድ መርሕ አውጥተው ነበር። የሌዘር ሊቃውንትም ለብርሃን ተመሳሳይ ጠባይ አግኝተውበታል። ያነሰ እንደሆነ ሥጋ አይሰማውም፤ ልክ የሆነ እንደሆነ ይነቃል፤ የበዛ እንደሆነ ደግሞ የጀመረውን ጥገና ያቆማል። የጤፍ ማሳ ያለው ገበሬ ስለ ዝናብ ይህንኑ ያውቃል።

የዚህ ሕክምና ክርክር ሁሉ፣ በእኔ ግምት፣ የሚሽከረከረው በዚህች አንዲት ነጥብ ላይ ነው። ለብዙ ዘመን አንዱ ጥናት ሌዘር ይሠራል ሲል ሌላው አይሠራም ይል ነበረ፤ ሐኪሙም ግራ ተጋብቶ ሁለቱንም ይተው ነበረ። በ2019 እ.ኤ.አ. ግን የኖርዌይ ተመራማሪዎች በጉልበት መጋጠሚያ መበላት ላይ የተደረጉትን ሙከራዎች በአንድነት ሰብስበው፣ ዓለም አቀፉ የሌዘር ሕክምና ማኅበር ባዘዘው መጠን የተሰጠውንና ከዚያ ባነሰ መጠን የተሰጠውን ለይተው ቢያዩ፣ በታዘዘው መጠን ብርሃን የተቀበሉት ሕማማቸው ከአስመሳዩ ሌዘር ይልቅ ሲቀንስ፣ ባነሰ መጠን የተቀበሉት ግን ምንም ወይም እጅግ ጥቂት ለውጥ ብቻ እንዳገኙ ተመለከቱ። እንግዲህ አይሠራም የተባለው በብዙ ሥፍራ ሌዘሩ ሳይሆን የተቀነሰው ሌዘር ነበረ ማለት ነው።

> «ስንት ጁል ሰጣችሁኝ?» ብሎ የሚጠይቅ ሕመምተኛ እጅግ ጥቂት ነው።

መጠኑ የሚለካው በጁል ነው፤ ስሌቱም ለማንም አይከብድም። የአንድ ሺህ ሚሊዋት ኃይል በአንድ ሴኮንድ አንድ ጁል ይሰጣል። ስለዚህ የ100 ሚሊዋት ዘንግ በአንዲት ነጥብ ላይ 4 ጁል ለማሳረፍ 40 ሴኮንድ ይበቃዋል፤ ከ785 እስከ 860 ናኖሜትር ላለው ብርሃን፣ ለጉልበት በየነጥቡ ከ4 እስከ 8 ጁል ይታዘዛል። የተማሪው ባለ 5 ሚሊዋት መጠቆሚያ ግን እነዚያን 4 ጁሎች ለመስጠት 800 ሴኮንድ፣ ማለት ከ13 ደቂቃ በላይ በአንዲት ነጥብ ላይ መቆየት ይኖርበታል፤ አሥር ነጥብ ያለው ጉልበት ከሆነ ከሁለት ሰዓት ያልፋል። በገበያ የሚሸጠውን ርካሽ የእጅ መብራት ለሦስት ደቂቃ ጉልበቱ ላይ አብርቶ «ሌዘር ሞክሬ አልረባኝም» የሚል ሰው፣ ሌዘርን አልሞከረም።

የታመነውና ያልታመነው

የዚህ ብርሃን ጽኑ ምስክር የሚገኘው ሰው በማይጠብቀው ሥፍራ፣ በነቀርሳ ሕመምተኞች አፍ ውስጥ ነው። ብርቱ የነቀርሳ መድኃኒት ወይም በራስና በአንገት ላይ የሚሰጥ ጨረር የአፍን ውስጠኛ ሽፋን አቃጥሎ ያቆስለዋል፤ ሕመምተኛው ምግብ ቀርቶ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። መቅኔ የሚለወጥላቸውን ሕፃናት የሚያስታምሙ ነርሶች ይህን ሥቃይ ከሁሉ አስቀድመው ይጠቅሳሉ። በእንዲህ ያሉ ሕመምተኞች አፍ ውስጥ አስቀድሞ ቀይ ብርሃን ቢበራ ቁስሉ እንደሚቀንስ ስለ ተረጋገጠ፣ ነቀርሳን የሚያስታምሙ ሊቃውንት ዓለም አቀፍ ማኅበር በመመሪያው አስገብቶታል፤ ናይስ የሚባለው የብሪታንያ ተቋምም በ2018 እ.ኤ.አ. ማስረጃውን በቂ ነው ብሎ አጽድቆታል። ጨረር ያቆሰለውን ብርሃን ሲከላከልለት ማየት የጥበብን መንገድ ያስደንቃል።

ለአንገት ሕማም ያለው ማስረጃም መልካም ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የወጣ፣ አውስትራሊያውያን የመሩት ምርመራ፣ ሥር ለሰደደ የአንገት ሕማም የሚገኘው ዕረፍት ሕክምናው ካለቀ በኋላ እስከ 22 ሳምንት ሊቆይ እንደሚችል አሳይቷል። የመጋጠሚያ ቁርጥማት ለያዛቸውም ሕማሙንና የማለዳውን መድረቅ ለአጭር ጊዜ ያቀልላል ተብሏል።

ወገብ ግን እንደ ሁልጊዜው አስቸጋሪ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሥር የሰደደ የወገብ ሕማም ያለበት ሰው ከመድኃኒት አስቀድሞ እንቅስቃሴንና ሌሎች መድኃኒት አልባ መንገዶችን እንዲሞክር ሲመክር ዝቅተኛ ኃይል ሌዘርንም ከእነዚህ መካከል ቈጥሮታል፤ ማስረጃው ግን ደካማ መሆኑን አልሸሸገም። ይህ ምክር የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኦፒየም ወገን የሆኑ ማስታገሻዎች በየቤቱ ገብተው ብዙ አሜሪካውያንን ሱሰኛ ካደረጉና ከገደሉ በኋላ፣ ሐኪሞቹ ከኪኒን ውጭ ያለውን በር ሁሉ ማንኳኳት ግድ ሆኖባቸዋል። በአገራችንም ቢሆን ዲክሎፌናክን እንደ ቆሎ ከኪሱ እያወጣ የሚውጥ፣ ጨጓራው ሲደማና ኩላሊቱ ሲደክም የሚደነግጥ ሰው ጥቂት አይደለም።

በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ሌሊቱን በታክሲ መሪ ላይ የሚያሳልፈው ነጂና በየቤቱ እየዞረች የማይንቀሳቀሱ ሽማግሌዎችን ከአልጋ ወደ ወንበር የምታነሣው አስታማሚ፣ የዚህ የወገብ ነገር ዋና ባለጉዳዮች ናቸው። ባለታክሲው ሦስት ሳምንት ተመላልሶ «ሲያሳርፈኝ ሰነበተ፤ መሪ ስይዝ ግን ተመለሰ» ይላል። ባለሙያዋም አልካደችም፤ ብርሃኑ ሕማሙን ቀንሶ ለእንቅስቃሴው ፋታ ይሰጣል እንጂ አሥራ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ወገብን ተነሥቶ አያራምደውም ትላለች። አንድ ተጠራጣሪ የነርቭ ሐኪም ደግሞ፣ በነጭ ካባ የተከበበ፣ በእጅ የተዳሰሰና በትዕግሥት የተደመጠ ሕመምተኛ ሳጥኑ ባይበራም ሊሻለው እንደሚችል ያስታውሳል። ተመራማሪዎች በሙከራቸው ውስጥ የማይሠራ ሌዘር የሚጨምሩት ለዚህ ነው፤ ታሕተ ቀይ ብርሃን ዓይን ስለማያየው፣ ማን እውነተኛውን ማን አስመሳዩን እንደ ተቀበለ ሕመምተኛው አያውቅምና።

ጥቁር ቆዳና የአንገት ንቅሳት

በመጽሔቶቹ ውስጥ እምብዛም የማይወሳ፣ ለእኛ ግን ዋና የሆነ ነገር አለ። የቆዳችንን ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃንን ይውጣል፤ ቀዩን አብዝቶ፣ የረዘመውን ታሕተ ቀይ አሳንሶ። ስለዚህ በጥቁር ቆዳ ላይ ከላይ የሚቀረው ሙቀት ይበዛል፤ ወደ ታች የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል። መሣሪያ ሠሪዎች መጠን ሲያወጡ በዓይናቸው ያለው ብዙ ጊዜ ነጭ ቆዳ ነው። ይህ ስጋት ብቻ አይደለም፤ በጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክሲጅን የሚለካው መሣሪያ በተመሳሳይ ቀይና ታሕተ ቀይ ብርሃን የሚሠራ ሲሆን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ወረርሽኝ ወራት፣ ኦክሲጅናቸው ያነሰ ጥቁር ሕመምተኞችን ጤነኛ አስመስሎ እንደሚያሳይ ተደርሶበታል።

ከዚህ የባሰው ንቅሳት ነው። አንገታቸውን እንደ ሐብል የከበበ የጥንት ንቅሳት ያላቸው እናቶች የአንገት ሕማም ሲይዛቸው፣ ዘንጉ በጥቁሩ መሥመር ላይ ካረፈ ቀለሙ ብርሃኑን ውጦ በድንገት ሊያቃጥላቸው ይችላል። ፈረንጁ ባለሙያ ይህን ንቅሳት ጌጥ ነው ብሎ ሊያልፈው ስለሚችል፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አብሮ ገብቶ ቢናገር ይበጃል። ሙቀት ሲሰማ ዝም ማለት አይገባም፤ ሐኪም ፊት መቻል ጨዋነት የሚመስላቸው ሽማግሌዎቻችን በዚህ ጉዳይ ጨዋነታቸውን ቢያቆዩት መልካም ነው።

ገበያው

ሕማም ባለበት ሁሉ ነጋዴ አለ። ዛሬ በቀይ መብራት የተሞላ መታጠቂያ፣ ምንጣፍ፣ ጓንትና የራስ ቆብ ይሸጣል፤ ከቁርጥማት እስከ ስኳር በሽታ፣ ከራሰ በራነት እስከ ኀዘን ያድናል እየተባለ ይለፈፍለታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሌዘር ሳይሆኑ ኤል ኢ ዲ የሚባሉ መብራቶች ናቸው፤ ይህ ብቻውን ነውር አይደለም፤ በቂ ኃይልና ልክ የሆነ ሞገድ ካላቸው የሚሠሩ እንዳሉ ይታመናል። ነውሩ ስንት ናኖሜትር፣ ስንት ሚሊዋት እንደሆነ በሣጥኑ ላይ አለመጻፉ ነው።

ሌላው የሻጭ ብልሃት «በአሜሪካ መንግሥት የተፈቀደ» የሚለው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለአንድ የሌዘር መሣሪያ በ2002 እ.ኤ.አ. በእጅ አንጓ ውስጥ ለሚታነቅ ነርቭ ሕማም እንዲሸጥ በር ከፈተ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ብዙዎች ተከተሉ። ነገር ግን ይህ በአብዛኛው መሣሪያው አስቀድሞ በገበያ ካለ ሌላ መሣሪያ ጋር ተመሳሳይ መሆኑን መቀበል ነው እንጂ፣ ለአዲስ መድኃኒት እንደሚደረገው ፈዋሽነቱን በከባድ ፈተና ማረጋገጥ አይደለም። የኢንሹራንስ ድርጅቶችም ይህን ስለሚያውቁ፣ ብዙዎቹ ከነቀርሳ የአፍ ቁስል በቀር ለሌዘር ሕክምና አይከፍሉም። ስለዚህ ታክሲ ነጂውና አስታማሚዋ ከኪሳቸው ይከፍላሉ፤ ሕክምናውም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለብዙ ሳምንታት መመላለስን ይጠይቃል። «ሃያ ጊዜ አስቀድመው ቢከፍሉ እንቀንስልዎታለን» የሚል ቤት ሲገጥም እግርን ወደ በሩ ማዞር ብልኅነት ነው።

ፍርዴን ልስጥ። ዝቅተኛ ኃይል ሌዘር ለአንገት፣ ለጉልበትና ለነቀርሳ የአፍ ቁስል የተመሰከረለት፣ ለወገብ ሊሞከር የሚችል፣ ለሌላው ብዙ ነገር ግን ገና ያልተረጋገጠ፣ ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ የሆነ ረዳት ነው። ከእንቅስቃሴ ጋር ቢሰጥ ይረባል፤ በእንቅስቃሴ ፋንታ ቢሰጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ለመሞከር የሚያስብ አንባቢ ከመተኛቱ በፊት የሞገዱን ርዝመት፣ የዘንጉን ኃይልና በየነጥቡ የሚሰጠውን ጁል ይጠይቅ፤ መልሱን የማያውቅ ባለሙያ መጠኑንም አያውቅም። ለዓይኑ መነጽር የማይሰጠውን ቤት ጥሎ ይውጣ። ነቀርሳ ያለበት ወይም የነበረበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ቆዳን ለብርሃን የሚያሳሳ መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የወገብ ሕማም ከእግር መድከም፣ ከብሽሽት መደንዘዝ ወይም ሽንትን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር የመጣበት፣ ወይም ሕማሙ በሌሊት እየቀሰቀሰው ትኩሳት ያለበትና ሰውነቱ የሚቀንስ ሰው ደግሞ ሌዘርም ወጌሻም ሳይል ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ።